ቅዳሜ ጉድ ነው

ጋሽ ዘውገ ይህን ታሪክ በየቤቱ እየዞሩ አጣመው እንደሚያወሩት ስለሰማሁ፣ እኔው የነገሩ ባለቤት ቀጥ አድርጌ ልጽፈው ወስኛለሁ። እሳቸው ሲያወሩት እኔ ፊደል ያልቆጠርኩ ነኝ፤ ባሕሩ ደግሞ ከፎቅ በላይ ይዘላል። ሁለቱም ውሸት ነው። ባሕሩ ስድስት ጫማ ነበር። እኔም ብሆን አሥራ አራት ዓመት ሆስፒታል ውስጥ የሠራሁት በምልክት እያወራሁ አይደለም። ተሳስቻለሁ፤ እሱን አልክድም። ግን እኔ ቦታ ማንም ቢቀመጥ ይሳሳት ነበር፤ ከሁሉ በፊት ደግሞ ጋሽ ዘውገ።

ነገሩ የሚጀምረው ከባለቤቴ ከጌቱ ነው። ጌቱ እሁድ እሁድ ከማንም ቀድሞ ቤተ ክርስቲያን ይገኛል። ወንበር ይደረድራል፣ ስፒከር ይጠግናል፣ መኪና የሌላቸውን ከየቤታቸው ያመላልሳል፣ መዝሙሩን ከኳየሩ በላይ በቃሉ ያውቃል። የቀረው አንድ ነገር ብቻ ነበር፤ የውሃ ጥምቀት። «ጌቱ፣ መቼ ነው?» ሲሉት «ጌታን ተቀብያለሁ፣ ውሃው ይደርሳል» ይላል። አሥራ ዘጠኝ ዓመት ሙሉ «ይደርሳል» ሲል ኖረ።

በእኛ ቤተ ክርስቲያን የሚጠመቅ ሰው ሙሉ በሙሉ ውሃ ውስጥ ገብቶ ነው የሚወጣው። ግንባር ላይ ጠብ ማድረግ የለም። ጌቱን የሚያስጨንቀው ይኼ «ሙሉ በሙሉ» የሚሉት ነገር ነው። ያደገው ቢሾፍቱ ነው። በሰባት ዓመቱ ሐይቁ ዳር ሲጫወት አንድ እርምጃ ወደ ውስጥ ገባ፤ ለሁለተኛው እርምጃ መሬት አልነበረውም። ልብስ የምታጥብ አንዲት ሴት ናት በፀጉሩ ጎትታ ያወጣችው። ከዚያ ወዲህ ከውሃ ጋር እንደተኳረፈ ነው። ሻወር ሲወስድ እንኳ ፊቱን ወደ ውሃው አያዞርም።

ይህን ሁሉ እያወቅሁ ስጨቀጭቀው ኖሬያለሁ። ክፉ ሆኜ አይደለም። እኔ ስጠመቅ ከውሃው ወጥቼ የተሰማኝን ደስታ ለሰው ማስረዳት አልችልም፤ ያንን ደስታ ጌቱ ፊት ላይ ማየት ከምንም ነገር በላይ እመኝ ነበር። ሌላ ሴት ባሏ ቤት እንዲገዛላት ትመኛለች። እኔ ባሌ እንዲረጥብልኝ ነበር የምመኘው።

ከዚያ የ2020 ዲሴምበር መጣና ኮቪድ ጌቱን ጣለው። የተኛው እኔ በምሠራበት ሆስፒታል፣ ስድስተኛ ፎቅ ላይ ነው። እኔ ሦስተኛ ፎቅ ላይ አልጋ አነጥፋለሁ፣ ክፍል አጸዳለሁ፤ ወደ እሱ ፎቅ መውጣት ግን ክልክል ነው። በመካከላችን ሦስት ፎቅ ብቻ እያለ የምንነጋገረው በስልክ ነበር። በዘጠነኛው ቀን ኦክስጅኑ አፍንጫው ላይ እንዳለ ደወለና «ጸዲ፣ ከዚህ ከወጣሁ እጠመቃለሁ» አለኝ። መወልወያዬን እንደያዝኩ ኮሪደሩ ላይ ቆሜ አለቀስኩ። ጌታ ይመስገን፣ ወጣ። ሳምባው እስኪጠናና ወደ ሥራ እስኪመለስ ድረስ ግን ወራት ፈጀ።

በሜይ ወር ቤተ ክርስቲያናችን ሁለት ወጣቶችን ሌክ ሚድ የሚባለው ሐይቅ ወስዳ አጠመቀች። ጌቱም አብሮ ይጠመቃል ተብሎ ነጭ ጋዋኑ ተዘጋጅቶለት ነበር። ሄደ፣ ውሃውን ከሩቅ አየው፣ ከዚያ መኪና ውስጥ ገብቶ በሩን ዘጋ። ቤት እንደገባን እንዲህ አለኝ፦

«ሐይቅ አልገባም። ገንዳም አልገባም። ባሕር ከሆነ ግን እገባለሁ።»

«ባሕርና ሐይቅ ምን ለያቸው? ሁለቱም ውሃ አይደሉም?»

«ባሕር ይመልሳል» አለኝ።

ይህን ትምህርት ያገኘው ከሥራ ቦታው ነው። ጌቱ ከከተማ ወጣ ብሎ ኤፔክስ በሚባል ቦታ፣ አንድ መጋዘን ውስጥ ፎርክሊፍት ይነዳል። አብሮት የሚሠራ አንድ ግዙፍ የሃዋይ ሰው አለ፤ የምንኖርባት ቬጋስ መቼም የሃዋይ ሰው አይጠፋባትም። ያ ሰው በምሳ ሰዓት ስለ ልጅነቱ ሲያወራ፣ ሐይቅ ዝም ብሎ ያስቀርሃል፣ ባሕር ግን ማዕበሉ እየገፋ ወደ ዳር ያወጣሃል ብሎታል። ጌቱ ከአሥራ ዘጠኝ ዓመት ስብከት ያላገኘውን ድፍረት ከአንድ ሳንድዊች አገኘ። እኔም አልተከራከርኩም።

«ግን እስከ ጁላይ መጨረሻ ነው» አለኝ። «ከኦገስት ጀምሮ ቅዳሜ ኦቨርታይም ግዴታ ነው። እስከዚያ ካልሆነ፣ ጸዲ፣ ሁለተኛ ይህን ነገር እንዳታነሺብኝ። ቃል ግቢልኝ።»

እኔም ቸኩዬ ቃል ገባሁ። ምን ያህል ሞኝ እንደሆንኩ የገባኝ ወደ መጨረሻው ነው።

በዚያ ጁላይ ቬጋስ ውስጥ ሙቀቱ መቶ አሥራ ሰባት ፋራናይት ገብቶ ነበር። የመኪና መሪ የምንይዘው በፎጣ ነው። ቅርብ የምንለው ባሕር ያለው ካሊፎርኒያ፣ በመኪና አምስት ሰዓት ያህል ርቆ ነው። ፓስተራችን ማቴዎስ ዘመድ ስላላቸው ኦሽንሳይድ የምትባል ከተማ መረጡ። በስብሰባው ላይ የቤተ ክርስቲያናችን ሽማግሌ ጋሽ ዘውገ እጃቸውን አወጡና «ኦሽንሳይድ ማለት ምን ማለት ነው?» ብለው ጠየቁ። «ባሕር ዳር ማለት ነው» ተባሉ።

«እንዴ! ለአንድ ሰው ጥምቀት አገር ቤት ድረስ?» አሉ። «የአውሮፕላኑንስ ማን ይችላል?»

እስኪገባቸው ሩብ ሰዓት ፈጀ። እኚህ ሰው ናቸው እንግዲህ ዛሬ በእኔ እንግሊዝኛ የሚስቁት።

ለአንድ ሰው ሲባል ሃያ ሰው በሁለት ቫን ስለሚጓዝ፣ የባሕሩን ሁኔታ አስቀድሞ የሚከታተል ሰው ያስፈልጋል ተባለ። ከማንም ቀድሜ እጄን አወጣሁ። ባሌ ነዋ! ስልኬ ላይ አንድ አፕ ጫንኩ። የከተማዋን ስም ሲጽፉለት የሚመጡትን ቀናት አንድ በአንድ ይዘረዝራል፤ ሰማዩን፣ ነፋሱን፣ የውሃውን ሙቀት፣ በጫማ የተለካ ቁጥር፤ ከሁሉም ሥር ደግሞ የቀኑን ፍርድ በአንድ ቃል፤ ፑር፣ ፌር፣ ወይም ጉድ። ፑር መጥፎ ነው፣ ቀይ ነው፤ ጉድ ጥሩ ነው፣ አረንጓዴ ነው። ከዚህ በላይ ምን ግልጽ ነገር አለ? ከቁጥሩ አጠገብ «ሰርፍ ሃይት» ይላል። ሰርፍ የሰርፌስ ማሳጠሪያ መሰለኝ። የውሃው ገጽ ከፍታ፣ ማለትም ጥልቀቱ። አፑን የሠሩት ለማን እንደሆነ አልጠየቅሁም። ባሕርን የሚከታተል ሰው ሁሉ ሊያጠምቅ የሚሄድ ይመስል።

በየቀኑ ጠዋት ሺፍቴ ከመጀመሩ በፊት በሆስፒታሉ ፓርኪንግ መኪናዬ ውስጥ ቁጭ ብዬ፣ በቤተ ክርስቲያኑ የቴሌግራም ግሩፕ ላይ በድምፅ መግለጫ እሰጣለሁ።

«ቅዱሳን፣ ጌታ ይባርካችሁ። የኦሽንሳይድ የባሕርና የአየር ሁኔታ። ለፊታችን ቅዳሜ ሰማዩ ጥርት ያለ፣ ነፋሱ ቀላል፣ የውሃው ሙቀት ስልሳ ዘጠኝ፣ ጥልቀቱ ከአንድ እስከ ሁለት ጫማ። ጠቅላላ ሁኔታ፣ ፑር። እንጸልይ።»

ጋሽ ዘውገ «እህት ሜትሮሎጂ» የሚል ስም አወጡልኝ። ሁሉም ተቀበላቸው። አልተቀየምኩም፤ እንዲያውም ትንሽ ኮራሁ።

ጁላይ አሥር ፑር ሆነ። ለፓስተር ማቴዎስ ደውዬ «አንድ ጫማ ውሃ ውስጥ ትልቅ ሰው እንዴት ይጠመቃል? ጉልበቱም አይረጥብ» አልኳቸው። «እውነትሽን ነው፣ እህት ጸዳለ» አሉኝ። ወደሚቀጥለው ሳምንት ተላለፈ። ጁላይ አሥራ ሰባትም ፑር። ፓስተር ረቡዕ የጾም ጸሎት አወጁ። በዙም ሠላሳ አራት ሰው ሆነን፣ ምሳ ሳንበላ፣ «ጌታ ሆይ፣ ውሃውን ጨምርልን» ብለን ጮኽን። ጁላይ ሃያ አራት ደግሞ ይባስ ብሎ ከፑሩ አጠገብ «ፍላት» የሚል ቃል መጣ። ጠፍጣፋ! አሁን ጠፍጣፋ ባሕር ይባላል? ስልኩን ልወረውረው ምንም አልቀረኝም።

ጌቱ በዚህ ሁሉ ጊዜ ዝም ብሏል። ፑር በሆነ ቁጥር «ምን ይደረግ እንግዲህ» ይልና ቴሌቪዥኑን ይከፍታል። ፊቱ ላይ የተገላገለ ሰው እፎይታ ይታያል፤ ያ እፎይታ ነው የሚያበግነኝ። ከመጀመሪያው ቅዳሜ በኋላ አንድ ቀን ስልኬን ተቀብሎኝ አፑን ሲያገላብጥ ቆየ።

«ምን እያየህ ነው?»

«ለዚያ ለሃዋዩ ላሳየው ብዬ ነው።»

በማግስቱ ከሥራ ሲመለስ «ምን አለህ?» ብዬ ጠየቅሁት። «ጥሩ አፕ ነው አለ» አለኝና ወደ ሻወር ገባ። እኔም ደስ አለኝ፤ ባሕር ላይ ያደገ ሰው ከመሰከረልኝ ሌላ ምን ያስፈልገኛል?

የመጨረሻው ቅዳሜ ጁላይ ሠላሳ አንድ ነበር። ሰኞ ዕለት በምሳ ሰዓት አፑን ከፈትኩት። አረንጓዴ! ከአምስት እስከ ስድስት ጫማ! ጉድ! የሆስፒታሉ ካፍቴሪያ ውስጥ እልልታዬን ለቀቅሁት። አንድ ጥበቃ ሮጦ መጣ። «አይ አም ፋይን፣ ማይ ሃዝባንድ ጎይንግ ኢንቱ ዘ ዎተር» አልኩት፤ ባሌ ውሃ ሊገባ ነው ማለቴ ነው። ትንሽ አየኝና ሄደ። እዚያው ሆኜ ወደ ግሩፑ ላክሁ።

«ቅዱሳን! ቅዳሜ ጉድ ነው! ጉድ ነው! ጉድ ነው!»

ሁለት ደቂቃ ሳይሞላ ጋሽ ዘውገ ደወሉ።

«ልጄ፣ ምን ጉድ መጣ? ማን ሞተ?»

«ኧረ ማንም አልሞተም ጋሽዬ! ጉድ ያልኩት በእንግሊዝኛ ነው።»

«በእንግሊዝኛ ምን ሆኖ ነው ጉድ የሆነው?»

ቤት ስገባ ጌቱ ወጥ ቤት ውስጥ ቁጭ ብሎ ብርቱካን ይልጣል። ስልኩን ዓይኑ ሥር አስጠጋሁለት። አተኩሮ አየው።

«ስንት ጫማ ነው ያልሽው?»

«ከአምስት እስከ ስድስት! እስከ አንገትህ ይደርሳል፤ ጌታ ጸሎታችንን ሰማ!» አልኩና በዚያ ጠባብ ወጥ ቤት ውስጥ መዝሙር እያወጣሁ ሽብሸባዬን ጀመርኩ። ማንኪያ አነሳሁ፣ ክዳን መታሁ። እኔ ስደሰት ልክ የለኝም። ጌቱ ብርቱካኑን ሳይበላ እጁ ላይ እንደያዘው ያየኛል።

«ጸዲ፣ በጣም ደስ ብሎሻል ማለት ነው?»

«አሥራ ዘጠኝ ዓመት ጠብቄ እንዴት ደስ አይለኝም?»

«እሺ» አለ። «እንሄዳለን።»

ቅዳሜ ገና ሊነጋጋ ሲል ተነሣን። የእኛን ቫን የምትነዳው ልጃችን ማያ ናት። አሥራ ዘጠኝ ዓመቷ ነው፣ ዩኒቨርሲቲ ትማራለች፣ የተወለደችው እዚሁ ነው። አማርኛዋ ጥሩ ነው፤ ብቻ እኔን «አንተ» ነው የምትለኝ። የቤተ ክርስቲያኑን ግሩፕ ድምፅ ካጠፋችው ዓመት ስለሆናት የእኔን ትንበያ አንድም ቀን ሰምታው አታውቅም። መንገድ ላይ ባርስቶ የምትባል ከተማ ቆመን ቁርስ ስንበላ ጌቱ ምንም አልቀመሰም። መንገዱን ሁሉ እጄን ይዞኝ ነበር፤ መዳፉ በላብ ርሷል። ኋላ ያሉት እየዘመሩ፣ ጋሽ ዘውገ ከዜማው ቀድመው እያጨበጨቡ፣ ረፋዱ ላይ ደረስን።

ባሕሩን ከማየታችን በፊት ሰማነው። ከመኪናው ስንወርድ መሬቱ ከእግራችን ሥር ጉም ጉም ይላል። አሸዋው ላይ ቆመን ቀና ስንል፣ የሰው ቁመት የሚያህል ማዕበል ከሩቅ ተነሥቶ፣ ነጭ ሆኖ ተደርምሶ፣ እየተንደረደረ መጣ። ከኋላው ሌላ። ከኋላው ሌላ። የባሕር ዳር ጠባቂዎቹ ማማ ላይ ቀይ ባንዲራ ይውለበለባል። በቀኝም በግራም ወጣቶች የማዕበል መንሸራተቻ ሰሌዳቸውን በብብታቸው ይዘው፣ በደስታ እየጮኹ፣ ወደዚያ መዓት ይሮጣሉ። ፓስተር ማቴዎስ ነጭ ጋዋናቸውን እንደለበሱ ቆመው ቀሩ። መዝሙሩ ቆመ።

ጋሽ ዘውገ ባርኔጣቸውን አወለቁ። «እህት ሜትሮሎጂ» አሉኝ፣ «ጉዱ ይኼ ነው?»

«ማሚ፣ ስልክህን ስጠኝ» አለች ማያ። አፑን አየችና አፏን በእጇ ያዘች። «ኦ ማይ ጋድ። ማሚ፣ ይሄ አፕ ለሰርፈሮች፣ ለእነዚያ ሰሌዳ ለያዙት ልጆች ነው። እነሱ ትልቅ ዌቭ ይፈልጋሉ። ጉድ ማለት ትልቅ ዌቭ አለ ማለት ነው። ፑር ማለት ዌቭ የለም፣ ውሃው ጸጥ ብሏል።»

«ስድስት ጫማውስ? ጥልቀቱ አይደለም?»

«የዌቩ ቁመት ነው ማሚ። አንተ ይሄን ለሁሉም ሰው ነገርክ?»

ወሽመጤ ቁርጥ አለ። ሦስት ቅዳሜ ሙሉ ባሕሩ እንደ ገበታ ውሃ ጸጥ ብሎ ጠብቆን ነበር። እኛ ግን ጾመን፣ ጸልየን፣ ሠላሳ አራት ሰው ሆነን ማዕበል ለምነን አመጣን። ሁሉም ወደ እኔ ዞሩ። የምገባበት ጠፋኝ። ሰዉ አይደለም ያሳሰበኝ፤ ቀኑ ጁላይ ሠላሳ አንድ ነው። ጌቱ አሁን «በይ እንግዲህ፣ ቃልሽን ጠብቂ» ቢለኝ መልስ የለኝም። ዕድሜ ልኬን የለመንኩትን ነገር በገዛ አፌ አበላሸሁት ብዬ፣ ዕንባዬ እየመጣ ወደ እሱ ዞርኩ።

ጌቱ አጠገቤ የለም። ጫማውን አውልቆ፣ ካልሲውን አጣጥፎ ጫማው ውስጥ ከትቶ፣ ሰዓቱን ከላይ አስቀምጦ፣ በነጭ ጋዋኑ ወደ ባሕሩ እየሄደ ነው።

«ጌቱ! ወዴት ነው?»

«ለመጠመቅ አይደል እንዴ የመጣነው?» አለ፣ ሳይዞር። ከኋላው አየዋለሁ፤ እርምጃው አጭር ነው። ግን ይራመዳል።

አንዲት ወጣት የባሕር ዳር ጠባቂ ፊሽካዋን እየነፋች ከማማው ወርዳ ሮጣ መጣች። ማያ ደረሰችባትና ሁለቱ በእንግሊዝኛቸው ተነጋገሩ። ልጅቷ መጀመሪያ ጭንቅላቷን ነቀነቀች፣ ከዚያ ሳቀች፣ ከዚያ ጌቱን ከላይ እስከ ታች አየችው። ማያ ተመለሰችና አስረዳችን። ዋና የማይችል ሰው ዛሬ ከጉልበቱ በላይ እንዳይገባ። ማዕበሎቹ በቡድን በቡድን ነው የሚመጡት፤ አንዱ ቡድን ካለፈ በኋላ ባሕሩ ለጥቂት ደቂቃ ያርፋል። ልጅቷ አጠገባችን ቆማ ሰዓቱን ትነግረናለች።

«ከጉልበት በታች እንዴት አድርጌ ሙሉ በሙሉ አጠምቀዋለሁ?» አሉ ፓስተር።

«እቀመጣለኋ» አለ ጌቱ።

ቁጭ ብሎ ወደ ኋላ ጋደም ካለ ለትልቅ ሰው አንድ ጫማ ውሃም ይበቃዋል። ይህን ለአንድ ወር ከመካከላችን ያሰበው ሰው አልነበረም፤ ፓስተሩም ጭምር። እኔ ቀና ብዬ ማንንም አላየሁም።

ቆመን ጠበቅን። አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት፣ አራት፣ አምስት ትልልቅ ማዕበሎች እየተገለባበጡ አለፉ። ከዚያ እውነትም ባሕሩ ረገብ አለ። ጠባቂዋ እጇን አነሣች።

«አሁን! ሂዱ፣ ሂዱ!» አለች ማያ።

ፓስተርና ጌቱ እጅ ለእጅ ተያይዘው ገቡ። ማንም ነይ አላለኝም፤ እኔም ከነቀሚሴ ተከተልኩ። ውሃው ጉልበታቸው ጋ ሲደርስ ቆሙ። ጌቱ ቁጭ አለ፤ ፊቱን ወደ ባሕሩ አዙሮ። ሻወር ቤት ለውሃ ጀርባውን የሚሰጠው ባሌ፣ ያን ሁሉ ውሃ ፊት ለፊት እያየ ተቀመጠ።

«ጌቱ፣ ኢየሱስ ክርስቶስ ጌታህና አዳኝህ እንደሆነ ታምናለህ?»

«አምናለሁ!» ድምፁ ከባሕሩ በልጦ ተሰማ።

«በእምነትህ መሠረት በአብ፣ በወልድ፣ በመንፈስ ቅዱስ ስም...»

«ዌቭ! ዳዲ፣ ዌቭ!» ብላ ማያ ጮኸች።

ተራውን ያልጠበቀ አንድ ማዕበል ነበር። ትልቅ አይባልም፤ ለእኛ ግን በቂ ነው። ፓስተር ጌቱን ወደ ኋላ ሲያጋድሙትና ማዕበሉ ሲደርስ አንድ ሆነ። ሦስታችንንም አለፈብን። አፌ ጨው በጨው ሆነ፣ ሻሼ ሄደ፣ የፓስተር መነጽር ሄደ፣ ሰማዩ ከላይ ይሁን ከታች ለአፍታ ጠፋኝ። ጠባቂዋ በክንዴ ይዛ አቆመችኝ።

ውሃው ሲሸሽ ዓይኔን ጠርጌ ጌቱን ፈለግሁት። ከነበረበት የለም። አሥር እርምጃ ያህል ወደ ዳር ተገፍቶ፣ እርጥብ አሸዋ ላይ ቁጭ ብሏል። ጋዋኑ ትከሻው ላይ ተጠቅልሏል፤ ፀጉሩ ውስጥ የባሕር ሣር ተሰክቷል። ይስቃል። ከተጋባን ጀምሮ እንደዚያ ሲስቅ ሰምቼው አላውቅም።

«መለሰኝ!» ይላል። «ጸዲ፣ መለሰኝ እኮ!»

ያ ፊት ነው፤ አሥራ ዘጠኝ ዓመት ላየው የለመንኩት። እየወደቅሁ እየተነሣሁ ሮጬ እላዩ ላይ ወደቅሁበት። እልልታው ከዳር ሲፈነዳ እነዚያ ሰሌዳ የያዙ ወጣቶች ሳይቀሩ አጨበጨቡ። ማያ ታለቅሳለች፣ ትስቃለች፣ በስልኳ ትቀርፃለች።

መቼም ጋሽ ዘውገ ባሉበት ደስታ ያለ ጥያቄ አያልፍም። «ቆይ፣ ቆይ» አሉ ከዘራቸውን አንሥተው። «ፓስተር፣ "አጠምቅሃለሁ" የሚለው ወጥቷል ወይስ አልወጣም? እኔ የሰማሁት "ስም" እስከሚለው ነው። ማሰሪያው ካልተባለ ዓረፍተ ነገሩ አላለቀም።»

«ብያለሁ» አሉ ፓስተር ውሃ እየተፉ። «"ሃለሁ" ስል አፌ ውስጥ ውሃ ገባ እንጂ ብያለሁ።»

«ካላለቀ እደግመዋለሁ!» አለ ጌቱና ብድግ አለ። የምሩን ነበር፤ ሊመለስ ሲል ጠባቂዋ ናት በሳቅ እየሞተች ያስቆመችው። ጋሽ ዘውገ ይህን ሲያዩ «በቃ፣ አልቋል፤ አምኛለሁ» ብለው ባርኔጣቸውን መልሰው አደረጉ።

ያመጣነውን ምሳ አሸዋው ላይ ዘርግተን ስንበላ ከጌቱ ጎን ተቀመጥኩ። ሦስተኛ ሳህኑን ነው የያዘው። እኔ የራሴን ሳልነካ አስቀመጥኩት።

«ጌቱዬ፣ ይቅር በለኝ። በእኔ አለማወቅ ያ ሁሉ ጸጥ ያለ ቅዳሜ አለፈህ።»

«አውቅ ነበር» አለኝ።

«ምኑን?»

«ፑር ማለት ጸጥ ያለ ባሕር እንደሆነ። ሃዋዩ አፑን ሳሳየው ያን ቀን ነግሮኛል። ለማጥመቅ ከሆነ ፑር ሲል ሂዱ አለኝ።»

«ታዲያ ሁለት ቅዳሜ ሙሉ! ስንጾም! ሠላሳ አራት ሰው!» አልኩና በእርጥብ ፎጣ ሁለቴ አቀመስኩት። ዝም ብሎ ተመታልኝ።

«ፈርቼ ነዋ፣ ጸዲ። አንቺ ፑር ባልሽ ቁጥር ተመስገን እያልኩ ዝም አልኩ። ጁላይም እንዲሁ እንዲያልቅልኝ ነበር የጠበቅሁት።»

«ሰኞ ዕለትስ? ስድስት ጫማ ማዕበል እንደሆነ እያወቅህ እንሄዳለን አልከኝ?»

እጁን ጋዋኑ ላይ ጠረገ። «ወጥ ቤት ውስጥ ክዳን እየመታሽ ስትዘምሪ አየሁሽ። እውነቱን ብነግርሽ ያ ሁሉ ደስታ ሊቆም ነው። እኔ ደግሞ እንዲቆም አልፈለግሁም። ይምጣ የመጣው አልኩ።»

ፎጣውን አንሥቼ ፀጉሩ ውስጥ የቀረውን አሸዋ ማራገፍ ጀመርኩ። ተራግፎ የማያልቅ አሸዋ ነበር፤ እኔም አልቸኮልኩም።

ትንሽ ቆይቶ ስልኬን አወጣሁ። ሥራዬን ሳልጨርስ መቅረት አልወድም። የግሩፑ ሰው ሁሉ አጠገቤ ተቀምጦ እየበላ ቢሆንም፣ ቁጭ ብዬ ጻፍኩ፦ «ቅዱሳን፣ የኦሽንሳይድ የባሕርና የአየር ሁኔታ። ሰማዩ ጥርት ያለ፣ ማዕበል ስድስት ጫማ፣ ጌቱ ተጠምቋል። ጠቅላላ ሁኔታ፣ ጉድ ነው።»

አምስት እርምጃ ርቀው የተቀመጡት ጋሽ ዘውገ መነጽራቸውን አድርገው አነበቡና መልሰው ጻፉልኝ።

«በየትኛው ቋንቋ?»

«በሁለቱም» አልኳቸው።